የቅድመ ምርጫ የሕዝብ አስተያየት ጥናትን እንዴት ማንበብ ይቻላል?

አንድ የአስተያየት ጥናት «እጩው በ3 የመቶኛ ነጥብ ይመራል» ብሎ ሲወጣ፣ ከቁጥሩ በፊት መጠየቅ ያለበት መልስ የሰጡት እነማን እንደሆኑ ነው። የተጠያቂዎች ብዛት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች መጠይቅ ልኮ፣ ከተመለሱለት ከ2 ሚሊዮን በላይ ምላሾች ተነሥቶ በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ አልፍ ላንደን ያሸንፋል ሲል ተነበየ፤ ተፎካካሪው ፍራንክሊን ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ግዛቶች በ46ቱ አሸነፈ። አድራሻዎቹ በአብዛኛው የተገኙት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ስለነበር በርካታ ድኻ መራጮች ከጥናቱ ውጭ ቀርተዋል፤ መጠይቁን ሞልተው የመለሱትም በአቋማቸው ዝም ካሉት ይለዩ ነበር። ይህ የኋለኛው ችግር፣ ለማያውቁት ጥሪ ስልክ የሚያነሣ ሰው በተመናመነበት በዛሬው ጊዜ፣ በእኔ አስተያየት ከሁሉም የከፋው ነው፤ ናሙናውን፣ ማለትም የሚጠየቁትን ሰዎች፣ በማብዛት አይድንምና።

ቀጥሎ የስሕተት ህዳጉን፣ ማለትም የጥናቱ ውጤት ከእውነተኛው የሕዝብ አስተያየት ወደ ላይም ወደ ታችም ሊርቅ የሚችልበትን መጠን ይመልከቱ። በዕጣ የተመረጡ 1,000 ሰዎች ሲጠየቁ ህዳጉ ወደ 3 ነጥብ ገደማ ሲሆን፣ በሁለት እጩዎች መካከል ላለው ልዩነት ደግሞ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል፤ ስለዚህ 48 ለ45 መሪነትን አያረጋግጥም።

ከዚያ ወደ ዋናው ጉዳይ ይለፉ፦ ከተጠየቁት መካከል በዕለቱ ወጥቶ ድምፅ የሚሰጠው የትኛው ነው? ብዙ ሰው «እመርጣለሁ» ብሎ ይቀራል፤ ያለፈ የመምረጥ ልማድም አብዛኛውን ጊዜ ከቃሉ የተሻለ ምልክት ነው። አጥኚዎች ይህን በየራሳቸው ግምት ያሰላሉ። ኒው ዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ2016 በፍሎሪዳ የሰበሰበውን አንድ ጥሬ መረጃ ለአራት አጥኚዎች ቢሰጥ፣ አንዱ ክሊንተንን በ4 ነጥብ፣ ሌላው ትራምፕን በ1 ነጥብ መሪ አድርጎ አወጣ። የተጠየቁት ሰዎች እነዚያው ነበሩ!

ጥናቱ የተካሄደበትን ቀንም ይዩ፤ ዘግይቶ የሚወስን መራጭ አለ።

በመጨረሻም የብዙ ጥናቶችን አማካይ ይውሰዱ፤ ሆኖም ሁሉም ጥናቶች ሳያገኟቸው የቀሩት ሰዎች ተመሳሳይ ከሆኑ አማካዩም አብሮ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2015 በብሪታንያ ጥናቶቹ ሁለቱን ትልልቅ ፓርቲዎች አንገት ለአንገት አድርገው ሲያሳዩ ወግ አጥባቂዎቹ ከ6 ነጥብ በላይ በልጠው አሸንፈዋል፤ በኋላ የተደረገው ምርመራም ዋናውን ጥፋት መራጩን በማይወክሉት ናሙናዎች ላይ አገኘው።