ቺካጎ ላይ ብሉዝ ለመስማት፦ ከፓርኩ ሣር እስከ ሌሊቱ አስር ሰዓት

ብሉዝን በስልክ ብቻ የሚያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ «ሁሉም ዘፈን አንድ ዓይነት ነው» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። አብዛኛው ብሉዝ አስራ ሁለት ባር (አራት አራት ምት ያላቸው የዘፈን ክፍሎች) ላይ እየተሽከረከረ ሦስት ኮርዶችን፣ ማለትም አብረው የሚመቱ ድምፆችን፣ ይመላለሳል። ዘፋኙ አንድ ስንኝ ይላል፣ ያንኑ ይደግመዋል፣ ከዚያ በሦስተኛው ይዘጋዋል። በስንኞቹ መሃል ባዶ ቦታ አለ፤ እሱን ጊታሩ ወይም ሃርሞኒካው ይሞላዋል። አካሄዱ የታወቀ ስለሆነ ሙዚቀኛው በዚያች ማታ፣ ለዚያ ታዳሚ ምን እንደጨመረበት ነው የሚሰማው። ይሄ ደግሞ ፊት ለፊት ካልሆነ አይያዝም። አዝማሪ ቤት ተቀምጦ «ተቀበል!» ያለ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ዝም ብሎ ቁጭ ያለ ታዳሚ እዚህም እዚያም ቤቱን ያቀዘቅዘዋል።

ስለ ቺካጎ የምጽፈው ከተማዋ ለብሉዝ የተመቸች ስለሆነች ነው። ከሚሲሲፒና ከአካባቢው የተሰደዱ ጥቁር አሜሪካውያን በኢሊኖይ ሴንትራል ባቡር ሲመጡ ሙዚቃቸውንም ይዘው መጡ። የቺካጎ ብሉዝ አባት የሚባለው ዘፋኝና ጊታሪስት መዲ ዋተርስ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። በሚንጫጫ ባር ውስጥ ኤሌክትሪክ የሌለው ጊታር አይሰማም፣ ስለዚህ ጊታሩ ከአምፕሊፋየር ጋር ተያያዘ፤ ሃርሞኒካውም ማይክ ያዘ። የቺካጎ ብሉዝ ጮክ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገባ የስፖንጅ መከላከያ ከፋርማሲ ግዙና ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። አትፈሩ፣ ሙዚቀኞቹም ያደርጋሉ።

መጀመሪያ ስለ ፌስቲቫሉ። የቺካጎ ብሉዝ ፌስቲቫል የተጀመረው በ1984፣ መዲ ዋተርስ በሞተ በዓመቱ ነው። በየዓመቱ ጁን ላይ ይካሄዳል፤ ከ2017 ጀምሮ ቦታው መሃል ከተማ ሚሌኒየም ፓርክ ነው። መግቢያው ነፃ ነው። አዎ፣ ነፃ። ትልቁ መድረክ ፊት ለፊት ወንበር አለ፤ ከኋላው ሰፊ ሣር አለ። ሣሩ ላይ መቀመጥ ሽንፈት አይደለም። ከላይ እንደ መረብ የተዘረጋውን ብረት ካያችሁት ድምፅ ማጉያዎቹ እሱ ላይ ነው የተሰቀሉት፤ ኋላ የተቀመጠውም ጥርት አድርጎ ይሰማል። ልጆች ካሏችሁ ሣሩ የግድ ነው።

ብዙ ሰው የሚመጣው ማታ፣ ስሙ የገነነው ሰው ሲወጣ ነው። እኔ ብሆን ቀን እመጣለሁ። ትናንሾቹ መድረኮች ላይ፣ በተለይ በቅርብ ዓመታት ከሚሲሲፒ የሚመጡ ሙዚቀኞች የሚጫወቱበት ላይ፣ ሰው ጥቂት ስለሆነ ከጊታሪስቱ ጣቶች ጥቂት እርምጃ ርቃችሁ ትቆማላችሁ። አንድ ሰው ብቻውን በእግሩ ምት እየጠበቀ በአንድ ጊታር ሲዘፍን እዚያ ታገኛላችሁ፤ ትልቁ መድረክ ላይ እንዲህ ያለው ይዋጣል። ፕሮግራሙ ቀደም ብሎ ይወጣል። የማታውቁትን ስም ሁለት ሦስቱን መርጣችሁ አንድ አንድ ዘፈን ስሙና ምልክት አድርጉ። ሁሉንም መድረክ እናዳርስ ካላችሁ ግን ቀኑ በእግር ጉዞ ያልቃል።

ጃኬት ያዙ። ቀኑን ፀሐይ ሲጠብሳችሁ ውሎ ማምሻውን ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ያንቀጠቅጣችኋል። በር ላይ ቦርሳ ይፈተሻል፣ ስለዚህ ትንሽ ቦርሳ ይበቃል። ምን ይዞ መግባት እንደሚቻል የዚያን ዓመት ደንብ እዩት፤ መጠጥ ግን ከቤት ይዛችሁ አትሂዱ።

ፌስቲቫሉ ማታ ሲያበቃ ቤት መሄድ የለም! ከተማዋ ያን ሰሞን በሙዚቀኛ ተሞልታለች፤ ግማሾቹ ባር ገብተው የሌላውን ባንድ ያጅባሉ። ያልተነገረ እንግዳ መድረክ ላይ ሲወጣ ማየት ከፈለጋችሁ ጊዜው ያ ነው።

ወደ ባሮቹ እንሂድ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ኪንግስተን ማይንስን እመክራለሁ። ከ1968 ጀምሮ ያለ ቤት ነው። ሁለት ክፍል፣ ሁለት መድረክ አለው፤ አንዱ ባንድ ሲያርፍ ሌላው ስለሚጀምር ሰው ወንበሩን ትቶ እየተጋፋ ወደ ሌላኛው ክፍል ይፈልሳል። አንዳንድ ምሽት እስከ ሌሊቱ አስር ሰዓት ይሠራል። ቅዳሜ ማታ ግን ተማሪውም ቱሪስቱም አንድ ላይ ይገባበታል፣ መቆሚያ ይጠፋል። በሥራ ቀን ሂዱ። መግቢያውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ ባንዱም ዘና ብሎ ይጫወታል።

ቁጭ ብሎ በደንብ ለማዳመጥ ለሚፈልግ ሮዛስ ላውንጅ አለ። ከጣሊያን ሚላኖ ለብሉዝ ፍቅር ብሎ የመጣ ድራመር በ1984 ከእናቱ ጋር የከፈተው ቤት ነው፤ ሮዛ የእናትየው ስም ነው። ጠባብ ነው፣ ሰዉ ለሙዚቃው ነው የሚመጣው። ሦስተኛው የባዲ ጋይ ሌጀንድስ ነው። ባዲ ጋይ በ1957 ከሉዊዚያና ቺካጎ የገባ፣ ከመዲ ዋተርስ ጋር የተጫወተ ሰው ነው፤ ቤቱን የከፈተው በ1989 ነው። እራት ያለው፣ ሰፋ ያለ ቤት ስለሆነ ቀለል ያለ ምሽት ለሚፈልግ ይመቻል። በደቡብ ቺካጎ የነበሩት የሰፈር ቤቶች፣ ሙዚቃው መጀመሪያ የገነነባቸው፣ አብዛኞቹ ተዘግተዋል። ያሳዝናል። የቱሪስቱ ገንዘብ የሚፈሰው ሰሜንና መሃል ከተማ ነው።

በሩ ላይ መታወቂያ ይጠየቃል። ሕጉ 21 ዓመት ነው፤ ፀጉራችሁ ቢሸብትም ትጠየቃላችሁ፣ አትናደዱ። ከአገር ቤት ለጉብኝት የመጣ ዘመድ ይዛችሁ ከሆነ ፓስፖርቱን አስይዙት፤ የአማርኛ መታወቂያ እዚያ በር ላይ አያስገባም። ትንንሽ ካሽም ያዙ።

ቦታ ስትመርጡ ከጊታር አምፕሊፋየሩ ትክክለኛ ፊት አትቀመጡ፤ ድምፁ ቀጥ ብሎ ስለሚመጣ ዘፋኙን ይሸፍንባችኋል። ትንሽ ወደ ጎን ሁኑ፣ ድራመሩንና ቤዚስቱን የምታዩበት። አንድ ዘፈን ሙሉ ጊታሩን ተዉትና ቤዙን ብቻ ተከተሉ። ባንዱ የሚተያየው መቼ እንደሆነ ታያላችሁ፤ አንዱ በቅንድቡ «አንተ ቀጥል» ይላል፣ ሶሎው፣ ብቻውን ጎልቶ የመጫወቱ ተራ፣ ወደ ሌላው ያልፋል። ያን ማየት ከጀመራችሁ በኋላ «ሁሉም አንድ ዓይነት ነው» የሚለው ነገር ራሱ ይቀራል።

ማጨብጨብ ላይ እኛ እንቸገራለን። ጭክችካ ያደገበት እጅ የራሱን መንገድ ነው የሚሄደው። ዘዴው ቀላል ነው፤ አራት ቁጠሩና ሁለትና አራት ላይ ምቱ። ከጠፋባችሁ ድራመሩ ስኔሩን፣ ፊቱ ያለውን ጠፍጣፋ ከበሮ፣ «ጧ» ሲያደርግ አብራችሁት ሁኑ። ስንኙ ሲነካችሁ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ድምፅ አውጡ። «እሰይ!» ብትሉ ማንም አይገረምም። ወሬ ግን ሌላ ነው፤ ስለ ቤት ኪራይ ለማውራት ከሆነ ከመድረኩ ራቅ ብላችሁ ኋላ ተቀመጡ። ስልክም እንደዚያው፣ አንድ ዘፈን ቅረጹና ኪስ ውስጥ ክተቱት።

በእረፍት ሰዓት ባልዲ ወይም ማሰሮ ይዞራል። ጣል አድርጉ። ግንባር ላይ መለጠፍ እዚህ የለም፤ ይገርማቸዋል እንጂ አይቀየሙም፣ ግን አታድርጉት። ዘፈን መጠየቅ ከፈለጋችሁ ከብር ጋር ቢሆን ይመረጣል፣ ጮሆ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው። የከተማዋን ስም የሚጠራውን ታዋቂ ዘፈን፣ «ስዊት ሆም ቺካጎ»ን፣ አትጠይቁ፤ ሳትጠይቁም ይጫወቱታል።

መሣሪያ የምትጫወቱ ከሆነ የጃም ምሽት ያለበትን ቤት ፈልጉ። የቤቱ ባንድ መጀመሪያ ይጫወታል፣ ከዚያ ስሙን ያስመዘገበ በየተራ ይወጣል። ቁልፉን፣ ፍጥነቱን፣ ማን ሶሎ እንደሚወስድ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጀማሪ ከሆናችሁ አጭር ተጫወቱና ውረዱ። ክራር ይዞ የሚሄድ ካለ እኔ አልከለክልም፤ የትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች ብሉዝ ጊታሪስቶች ከሚመላለሱባቸው ስኬሎች አንዱ ናቸው።

ስትመለሱ ሬድ ላይን ባቡር ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፤ ከኪንግስተን ማይንስ ፉለርተን ጣቢያ በእግር ይደረሳል። ከሮዛስ ግን ባቡር ስለሚርቅ የኡበር ሂሳብ አስቡ። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ሙዚቀኛው ጠረጴዛ ላይ ሲዲ ዘርግቶ ከሆነ ማጫወቻ ባይኖራችሁም ግዙ፣ ገንዘቡ በቀጥታ እጁ ነው የሚገባው፤ ሲፈርምላችሁም የት የት እንደሚጫወት ጠይቁት፣ ለሚቀጥለው ሳምንት የምትሄዱበትን ቤት ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ እሱ ነው።