ኮንዶሚኒየሙ አዘንብሎ ሲመጣ

ባለፈው የሠርግ አጀብ እየቀረፅኩ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ኮዬ ፈጬ ስንሄድ በመኪናው የጎን መስኮት ኮንዶሚኒየሞቹን ቀረፅኩ። ቤት ገብቼ ስከፍተው ሕንፃው ሁሉ ዘመም ብሏል። የመብራት ምሰሶውማ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። የሙሽራው ወንድም አየውና፣ «ጋሼ፣ እንዲህ ጋደል ብሎ ነው እንዴ ዕጣ የደረሰን?» አለኝ።

ሕንፃውም ካሜራውም ደህና ናቸው። አብዛኛው ካሜራና ስልክ ውስጥ ያለው ሲሞስ ሴንሰር (ብርሃን ተቀብሎ ምስል የሚሠራው ክፍል) ቪዲዮ ሲቀርፅ ምስሉን ባንዴ አያነበውም። ከላይ ጀምሮ መስመር በመስመር እያነበበ ይወርዳል። ታች እስኪደርስ በብዙዎቹ ካሜራዎች ከ10 እስከ 30 ሚሊ ሰከንድ ያልፋል። እስከዚያ ምሰሶው ቦታ ቀይሯል፤ አናቱ አንድ ጋ፣ እግሩ ሌላ ጋ ይቀረፃል። ሮሊንግ ሻተር የሚባለው ይኸው ነው።

ቀጥ ያለው ነገር ካዘነበለ

መጀመሪያ ካሜራውም መኪናውም የቆሙበትን ቦታ ፈልጉና ቪዲዮውን እዚያ አቁሙት። እዚያም ካዘነበለ ጥፋቱ የትራይፖዱ ነው ወይም ካሜራውን ወደ ላይ አቅንታችሁታል። ሲንቀሳቀስ ብቻ ካዘነበለ ሮሊንግ ሻተር ነው።

አሁን ማንን ብትጠይቁ «ሻተሩን አፍጥነው» ይላችኋል። እኔም ስንት ጊዜ ሞከርኩት! አይሠራም። ሻተሩን 1/1000 ሰከንድ ማድረግ እያንዳንዱ መስመር ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ ነው የሚያሳጥረው። ከላይኛው መስመር እስከ ታችኛው ያለው ጊዜ ያው ነው። እንዲያውም ብዥታው ስለሚጠፋ ማዘንበሉ ይብስ ጎልቶ ይታያል።

ወሳኙ ነገሩ ፍሬሙን (ቪዲዮው የተሠራበትን አንዱን ምስል) ከጎን ወደ ጎን የሚያቋርጥበት ፍጥነት ነው። ሴንሰሩ በ25 ሚሊ ሰከንድ ያነባል እንበል። ምሰሶው 1920 ፒክስል ስፋት ያለውን ፍሬም በ1 ሰከንድ ካቋረጠ አናቱና እግሩ በ48 ፒክስል ይራራቃሉ። በ4 ሰከንድ ካቋረጠ 12 ፒክስል ብቻ፤ ማንም ልብ አይለውም። ስለዚህ ካሜራውን ስታዞሩ ቀስ በሉ። ከመኪና ውስጥ ከሆነ በጎን መስኮት ሳይሆን በፊት መስታወት ቅረፁ። በጎን ግድ ከሆነ የሩቁን ያዙ፦ የረር ተራራ ቀስ ብሎ ያልፋል፣ አጠገባችሁ ያለው ምሰሶ ግን ይወረወራል።

ሌላ ዘዴ፦ በሰከንድ 25 ፍሬም ከምትቀርፁ 50 አድርጉት። በ50 ፍሬም ሌላው በ20 ሚሊ ሰከንድ ስለሚደርስ አንዱ ከዚያ በፊት ተነቦ ማለቅ አለበት፤ ንባቡ ከ20 ሚሊ ሰከንድ ሊበልጥ አይችልም። ቀርፋፋ ካሜራ ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ያለፈው ካለፈ ደግሞ ፕሪሚየር በሚባለው የኤዲት ፕሮግራም ውስጥ «ሮሊንግ ሻተር ሪፔር» የሚባል ማስተካከያ አለ። ትንሽ ማዘንበል ያቀናል፤ ተአምር ግን አትጠብቁ።

ምስሉ እንደ ጎማ ከተለጠጠ

ይሄ የባጃጅና የኮብልስቶን ሥራ ነው። ንዝረቱ ፈጣን ስለሆነ አንዱ ፍሬም ተነቦ ሳያልቅ ካሜራው ወዲያና ወዲህ ይላል፤ መስመሮቹም ይሸበሸባሉ። ካሜራውን የባጃጁ ብረት ላይ አትሰሩት፣ አታስደግፉትም። በእጅ ያዙት፤ ክንድ ንዝረት ይውጣል። በኤዲት ማረጋጋት መወዛወዙን ቢያጠፋም መሸብሸቡን ይተወዋል፣ ያኔ የባሰ ያስጠላል። ስልክ ሞተር ላይ ማሰርማ ጭራሽ ይቅር። አፕል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 የሞተር ሳይክል ንዝረት የአይፎንን ካሜራ ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል።

ድንኳኑ ውስጥ ጥቁር መስመር ከታየ

እዚህ ላይ ግን ሻተሩ ነው ወሳኙ። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ ፓውዛና አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዓይን አያየውም፣ መስመር በመስመር የሚያነብ ሴንሰር ግን ያየዋል። ከአሜሪካ የመጣ ካሜራ ብዙ ጊዜ ኤንቲኤስሲ (ለ60 ኸርዝ መብራት የሚስማማው ምርጫ) ላይ ነው፤ ለ50 ኸርዝ ወደሚስማማው ፓል ቀይሩት። ሻተሩን 1/50 ወይም 1/100 አድርጉ። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሳ መስመሩ ከተመለሰ አትደንግጡ፤ ጄኔሬተሩ 50ን በትክክል ስለማይጠብቅ ነው። ዲመር (ብርሃን መቀነሻ) ያለው የዲኮር መብራት የራሱ አመል አለው፤ እየሞከሩ ማስተካከል ነው።

ግማሹ ፍሬም ቦግ ካለ

የፎቶ አንሺው ፍላሽ ነው። ሴንሰሩ መሃል ላይ ሲደርስ በራ፣ ወዲያው ጠፋ። እሱን አታጥፋ ማለት አይቻልም፣ እንጀራው ነው። ያቺን አንዷን ፍሬም በኤዲት አውጥታችሁ የጎኗን ድገሙባት።