የአይሱዙዬ ኳኳታ በመጨረሻ ጠፋ

ጉድጓድ በገባሁ ቁጥር በግራ የኋላ ጎማ በኩል «ቋ!» ይል ነበር። የመጀመሪያው ጋራዥ «ሾክ አብዞርበር ነው» ብሎ ሁለቱን ቀየረ። ከፈልኩ። ድምፁ ግን ያው።

ሌላ መካኒክ ጋ ወሰድኩት። ሰውዬው መኪናውን በክሪክ አነሳና የባሌስትራውን (ጭነቱን የሚሸከመውን ተደራራቢ ብረት) ጫፍ በዲጂኖ ፈንቀል አደረገው። ባሌስትራውን ከሻሲው ጋር የሚያያዘው ፒን ቡሹ (ፒኑ የሚገባበት ቀለበት) ውስጥ ሲወዛወዝ በዓይኔ አየሁ። ቡሹ በአንድ ጎኑ እንደ ወረቀት ሳስቷል። ለካ የግሪስ መግቢያው በጭቃ ተደፍኖ ኖሯል!

ፒንና ቡሹን ራሴ ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ ገዛሁ፤ ለጋራዡ የከፈልኩት የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። በግራም በቀኝም አስቀየርኩ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን ዩ ቦልቶችንም በአዲስ፤ አሮጌው አንዴ ከተለጠጠ ወዲያ አይታመንም። ጭነት ይዤ ጥቂት ቀን ከነዳሁ በኋላ ተመልሼ ዳግም አስጠበቅኳቸው። አሁን የሚንኳኳው የጫንኩት የጠርሙስ ሣጥን ብቻ ነው።