የታሪካዊ ቤዝቦል ሲሙሌሽን ሊግ ሊጀመር ሲል ትንበያ የምሠራበት መንገድ

በእንዲህ ያለ ሊግ ሰዎች የቀድሞ ተጫዋቾችን መርጠው ቡድን ይሠራሉ፤ ጨዋታውም የተጫዋቾቹ እውነተኛ ውጤት በተቀረጸበት ካርድ ይካሄዳል። ድራፍቱ፣ ማለትም ተጫዋቾችን በየተራ መምረጡ፣ አልቆ የቡድኖቹ ዝርዝር ሲወጣ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያየው ስም ነው። ቤብ ሩትን የያዘው አንደኛ፣ ዊሊ ሜይስን የያዘው ሁለተኛ እየተባለ ደረጃው በአምስት ደቂቃ ይደለደላል። እኔ ከስም አልነሳም። የምነሳው ከሁለት ቁጥሮች ነው፦ ይህ ቡድን ስንት ረን (የቤዝቦል ነጥብ) ያስቆጥራል? ስንትስ ይቆጠርበታል?

የ1930ውን ፊላደልፊያ ፊሊስ ውሰዱ። ቸክ ክላይን 0.386 መትቷል (ማለትም ከሺህ የመምታት ሙከራ 386ቱ ተሳክቶለታል)፣ ሌፍቲ ኦዱል 0.383፣ ቡድኑ በጠቅላላ 0.315። እንዲህ ያለ ዝርዝር ፊቱ ተቀምጦ ዋንጫው የእነሱ ነው የማይል ጥቂት ነው። ፊሊስ ግን 52 አሸንፎ፣ 102 ተሸንፎ ከአሜሪካ ሁለት ዋና ሊጎች አንዱ የሆነው የናሽናል ሊግ መጨረሻ ሆነ። 944 ረን አስቆጥሮ 1,199 ተቆጠረበት።

ከረን ወደ ድል ለመሻገር የቤዝቦል ቁጥሮች ተንታኙ የቢል ጄምስ ቀመር ይበቃል። ያስቆጠረውን በራሱ አባዙት፣ የተቆጠረበትንም እንዲሁ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ለሁለቱ ድምር አካፍሉት። ለፊሊስ 891,136 ለ2,328,737 ሲካፈል 0.383 ገደማ ይሆናል፤ በ154 ጨዋታ ሲባዛ 59 ድል። ከእውነተኛው 52 ጋር የሰባት ልዩነት አለው፤ ስለዚያ ልዩነት ኋላ እመለስበታለሁ። ዋናው ነገር ቀመሩ በክላይንና በኦዱል ስም አለመታለሉ ነው።

ስለዚህ ሥራው ሁሉ እነዚያን ሁለት ቁጥሮች በትክክል መገመት ነው። ለዚህም ከተጫዋቾቹ በፊት የሊጉን ደንብ አነባለሁ። አንድ ካርድ የሚወክለው አንድ ዓመትን ነው ወይስ የበርካታ ዓመታትን አማካይ? ኖርም ካሽ በ1961 0.361 መትቶ 41 ሆም ረን (መቺው ቤዞቹን ሁሉ ዞሮ የሚገባበት ምት) አስቆጠረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ወደ 0.243 ወረደ። ሊጉ የ1961ን ካርድ ብቻ የሚጠቀም ከሆነ ካሽ ወርቅ ነው፤ ያለ ስጋት ከፍ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። የሦስት ዓመት አማካይ የሚወስድ ከሆነ ግን ሌላ ሰው ነው። ይህን አንድ መስመር ሳያጣሩ ትንበያ መጻፍ በጨለማ መወርወር ነው።

የተለያየ ዘመን ተጫዋቾች በሚቀላቀሉበት ሊግ ደግሞ እያንዳንዱን ቁጥር ከራሱ ዘመን ጋር አስተያያለሁ። ይህን ክፍል በጣም እወደዋለሁ። በ1930 ናሽናል ሊግ በጠቅላላ የመታው 0.303 ነው። በ1968 አሜሪካን ሊግ በጠቅላላ የመታው ደግሞ 0.230 ብቻ ሲሆን ካርል ያስትረምስኪ በ0.301 የመምታት አንደኛ ሆነ። የኦዱል 0.383 ከዘመኑ በ80 ነጥብ (በ0.080) ይበልጣል፤ የያስትረምስኪ 0.301 በ71። በወረቀት ላይ ሰማይና ምድር የሚመስሉት ሁለት ቁጥሮች እንዲህ ተቀራራቢ ናቸው! በዚያ ላይ ያስትረምስኪ በዚያ ዓመት 119 ጊዜ ሳይመታ በነፃ ወደ መጀመሪያው ቤዝ አልፏል፤ ይህ በመምታት አማካይ ውስጥ አይታይም፤ ረን የሚያመጣው ግን እሱም ነው። ጨዋታው ራሱ ዘመኑን የሚያስተካክል ከሆነ ያስትረምስኪን የያዘ ሰው ተጠቅሟል። ካርዱን እንዳለ የሚያነብ ከሆነ የ1930 መቺዎችን የያዘው ይጠቀማል። ደንቡን እዩ።

ከዚያ ማን ምን ያህል እንደሚጫወት የሚያሳየው የተራ ስሌት ይመጣል። ቦብ ጊብሰን በ1968 በዘጠኝ ኢኒንግ (የአንድ ሙሉ ጨዋታ ዙሮች)፣ በተከላካዮች ስህተት የመጣውን ሳይጨምር፣ 1.12 ረን ብቻ ነበር የተቆጠረበት፤ ከዚያ የሚበልጥ ወርዋሪ ድራፍት ላይ ማግኘት ከባድ ነው። የወረወረው ግን 304 ኢኒንግ ከሁለት ሦስተኛ ነው። በ162 ጨዋታ ሊግ ቡድኑ 1,458 ኢኒንግ ያህል መሸፈን አለበት። ጊብሰን ከአምስት አንዱን ሸፈነ ማለት ነው፤ አራቱን እጅ ማን ይወረውራል? እኔ የእያንዳንዱን ቡድን ኢኒንግ እስኪሞላ ድረስ በስም በስም እጽፋለሁ፤ ብዙ ጊዜ የቡድኑ እውነተኛ ደረጃ የሚገለጠው አራተኛውና አምስተኛው ወርዋሪ ጋ ስደርስ ነው። ለመቺዎችም ያው ነው። በዓመቱ አርባ ጊዜ ብቻ ለመምታት ቆሞ 0.400 የመታ ተጠባባቂ ያጓጓል፤ ሊጉ በእውነተኛው ተራው ልክ የሚገድበው ከሆነ ግን ዋጋው ትንሽ ነው።

ወርዋሪን አቅልለው ለሚያዩ አንድ ነገር ላሳይ። የካርድና የዳይስ ቤዝቦል ጨዋታ በሆነው በስትራት-ኦ-ማቲክ ሦስት ዳይስ ይጣላል። አንደኛው 1፣ 2 ወይም 3 ከወጣ ውጤቱ ከመቺው ካርድ ይነበባል፤ 4፣ 5 ወይም 6 ከወጣ ከወርዋሪው። ግማሹ ጨዋታ በወርዋሪው ካርድ ላይ ነው። የሜዳ ተከላካዮች ዕድልም የሚመጣው ከዚያው ካርድ ነው፤ በብዛት የሚደርሰው ደግሞ ለሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል ለሚቆመው) እና ለሁለተኛ ቤዝ ተከላካይ። ማርክ ቤላንጀር በሙያ ዘመኑ 0.228 ብቻ የመታ ሾርትስቶፕ ነው፤ ለምርጥ ተከላካይ የሚሰጠውን ጎልድ ግላቭ ግን ስምንት ጊዜ ወስዷል። እንዲህ ያለ ሰው በቡድኑ ዝርዝር ታች ሲገኝ ሌሎች ያልፉታል፤ እኔ ከሚቆጠርበት ረን ላይ እቀንስለታለሁ።

ሜዳው ላይ ብዙ አልቆይም። ክላይን የተጫወተበት ቤከር ቦውል የቀኝ አጥሩ 280 ጫማ ብቻ ነበር፤ በግራ እጁ ለሚመታ ሰው ቅርብ ነው። ቡድኑ የመረጠው ሜዳ ከመቺዎቹ እጅ ጋር መስማማቱን ማየት ይበቃል፤ የሚጠቅመው ግማሹን ጨዋታ እንደሆነ አትርሱ።

ሁሉም ቡድን ቁጥር ሲያገኝ እደምራለሁ። ስምንት ቡድን፣ 154 ጨዋታ ከሆነ በሊጉ ያለው ድል 616 ነው፤ አንድም አይበልጥም። የእኔ ድምር 640 ከመጣ ለሁሉም ደግ ሆኛለሁ ማለት ነውና ተመልሼ እቀንሳለሁ። በሊጉ የተቆጠረው ረን ከተቆጠረባቸው ረን ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ይህም ያው ማጣሪያ ነው።

አሁን ወደዚያች ሰባት ልዩነት። በ162 ጨዋታ ዕድል ብቻውን አንድን ቡድን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ስድስት ድል ያህል ሊወስደው የተለመደ ነው። የ1987 ሚኒሶታ ትዊንስ 786 አስቆጥሮ 806 ተቆጠረበት፤ ቀመሩ 79 ድል ይሰጠዋል። እሱ ግን 85 አሸንፎ የዓመቱን የሻምፒዮና ፍጻሜ ወርልድ ሲሪዝን በላ። ስለዚህ 90 ብዬ ስጽፍ ከ84 እስከ 96 ብዬ አጠገቡ አኖራለሁ፤ ከሥሩም ይህን ቁጥር ማን ቢጎዳ እንደሚያፈርሰው አንድ ዓረፍተ ነገር። የመጀመሪያው ዳይስ ከተጣለ በኋላ ጽሑፉን አልነካውም።

ሁለት ቡድኖች በአንድና በሁለት ድል ከተቀራረቡ የማስቀድመው የተሻለ ሁለተኛ ካቸር (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ የሚቀበል) ያለውን ነው። ካቸር ሙሉውን ዓመት አይችልም፤ በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ሲኖር የሚቀመጠው ማን እንደሆነና በቦታው የሚገባው ምን ያህል እንደሚመታ ማንም አይመለከትም።