ስለ ቢዛንታይን ሒሳብ ደጋግመን የምንስታቸው ነገሮች

ቢዛንታይኖች ማለት ዋና ከተማው ቁስጥንጥንያ የነበረው፣ ግሪክኛ ተናጋሪው የምሥራቅ ሮም መንግሥት ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ «አሪትሜቲክ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። ለእኛ አሪትሜቲክ ማለት መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል ነው። ለጥንት ግሪኮች ግን የቁጥርን ጠባይ መመርመር ነበር። የገበያውን ስሌት ሎጂስቲኬ ይሉታል፤ ሌላ ሙያ ነው። ቢዛንታይኖች ለዘመናት የተማሩበት የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ የኒቆማኮስ መጽሐፍ ስለ ተጋማሽና ኢተጋማሽ ቁጥሮች ያወራል። 6ን «ፍጹም» ይለዋል፤ 1፣ 2 እና 3 ያካፍሉታል፣ ሲደመሩም መልሰው 6 ይሆናሉ። ስለዚህ «ሊቁ አሪትሜቲክ ያስተምር ነበር» የሚል ስታነቡ የሱቅ ሒሳብ አይምጣባችሁ።

«በሮማን ቁጥር ነበር የሚጽፉት» የሚልም አለ። ራሳቸውን ሮማውያን ይሉ ስለነበር ይሆናል። ቁጥራቸው ግን የግሪክ ፊደል ነው፦ አልፋ 1፣ ዮታ 10፣ ሮ 100። የእኛዎቹ ፩፣ ፲ እና ፻ም የመጡት ከእነዚሁ ፊደላት ነው። የግሪኩ አጻጻፍ ዜሮ የለበትም። ሆኖም ቢዛንታይኖች ሁሉንም ነገር ከግሪክ ብቻ አልወሰዱም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ መነኩሴው ማክሲሞስ ፕላኑዴስ ስለ ሕንድ አሃዞች ሲጽፍ ዜሮን «ጺፍራ» አለው። ቃሉ የዐረቦቹ ሲፍር ነው።

በጣም የሚያናድደኝ ግን «ገልባጮች ብቻ ነበሩ» የሚለው ነው። እርግጥ ገልብጠዋል፤ ያም ቢሆን ቀላል ሥራ አይደለም። አሬታስ የሚባል የቤተ ክርስቲያን ሰው በ888 እ.ኤ.አ. የጥንቱን የጂኦሜትሪ ሊቅ የኤውክሊድን መጽሐፍ በብራና ሲያስገለብጥ 14 የወርቅ ሳንቲም ከፍሏል። ብራናው ዛሬም ኦክስፎርድ አለ። ግን የብራናዎቹን ኅዳግ፣ ማለትም የገጹን ባዶ ዳር፣ እዩት። ፕላኑዴስ የጥንቱን ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ የዲዮፋንቶስን የመጀመሪያ ሁለት መጻሕፍት አንድ በአንድ አብራርቷል። ዲዮፋንቶስ ከባድ ነው። አንዱ ጥያቄው 16ን ድምራቸው 16 ለሚሆን ሁለት ስኩዌር ቁጥሮች ክፈል ይላል፤ መልሱ 256/25 እና 144/25 ነው። ኋላ ጳጳስ የሆነው ዮሐንስ ኮርታስሜኖስ እዚህ ሲደርስ አልቻለም መሰለኝ፣ ከጎኑ እርግማን ጻፈበት፦ ስለ ጥያቄዎችህ ክብደት፣ ይልቁንም ስለዚህኛው፣ ነፍስህ ከሰይጣን ጋር ትሁን! ዝም ብሎ የሚገለብጥ ሰው እንዲህ አይናደድም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማም በራሱ ቅጂ ኅዳግ ላይ የጫረው እዚያው ጥያቄ ጋ ነው። እሱ ግን አልተራገመም፤ ከጥያቄው ተነሥቶ ላመጣው አሳብ ማረጋገጫዬን ለመጻፍ ቦታው ጠበበኝ አለ እንጂ።