ትምህርት የከበደውን ተማሪ በሦስት እርከን እንዴት መደገፍ ይቻላል

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማውቀው አንድ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ዴስክ ይደበድባል፣ አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ ይቆነጥጣል፣ ከዚያም ከክፍል ይባረራል። ለሁለት ወር ያህል በረባሽነት ስሙ ሲመዘገብ ከቆየ በኋላ አንድ ቀን ለብቻው አስቀምጠን አጭር ምንባብ ስንሰጠው፣ ግዕዙንና ራብዑን በትክክል እየጠራ ሳድስ ፊደል ላይ ሲደርስ እንደሚቆም አየን። ልጁ በ60 ጓደኞቹ ፊት ከመንተባተብ መባረሩን መርጦ ነበር። የትምህርት ድክመትንና የጠባይ ችግርን አንድ ላይ ማየት እንደሚያስፈልግ ያስተማረኝ እሱ ነው።

በእርከን የሚሰጥ ድጋፍ በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየ አሠራር ቢሆንም፣ ሐሳቡ የጎጃም ገበሬ በተዳፋት ማሳው ላይ ከሚሠራው እርከን አይርቅም፤ የላይኛው ያላስቆመውን አፈር ቀጣዩ ይይዘዋል። አንደኛው እርከን ለክፍሉ ተማሪዎች ሁሉ የሚሰጥ ጥሩ ትምህርትና ግልጽ ሥርዓት ነው። ሁለተኛው በዚያ ብቻ መራመድ ላልቻሉት በትንሽ ቡድን የሚጨመር ድጋፍ ሲሆን፣ ሦስተኛው ለጥቂቶች ለየብቻ የሚሰጥ ነው። እነዚህ የድጋፍ ስሞች ስለሆኑ «የሦስተኛ እርከን ተማሪ» የሚል አጠራርን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥም ቢሆን አይጠቀሙበት።

1. ችግሩ ያለበትን ቦታ መለየት

ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እያንዳንዱን ተማሪ ብቻውን ይጥሩና ከዚህ በፊት ያላየውን፣ ለክፍሉ የሚመጥን ምንባብ ለ1 ደቂቃ ያስነብቡት። ሰዓቱን በስልክ ይያዙ፣ በትክክል የተነበቡትን ቃላት ይቁጠሩ። ለአንድ ልጅ 2 ደቂቃ ቢወስድ ለ60 ተማሪ 2 ሰዓት ነው፤ ሌሎቹ ጽሑፍ ሲለማመዱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይጠናቀቃል።

ከቁጥሩ ይልቅ ልጁ የተደናቀፈበት ቦታ ብዙ ይናገራል፤ ስለዚህ በእጅዎ ባለው ቅጂ ላይ ምልክት ያድርጉበት። ከ33ቱ ፊደላት ሰባቱ ድምፆች መካከል ሳድሱ ቅርጹ ወጥ አይደለም፤ አነባበቡም ይለያያል። «ልብስ» በሚለው ቃል ውስጥ ሦስቱም ፊደላት ሳድስ ሲሆኑ «ል» አናባቢ አለው፣ «ብ» እና «ስ» ግን የላቸውም። «አለ» የሚለው ደግሞ ሲጠብቅ መኖርን፣ ሲላላ መናገርን ያመለክታል፤ ጽሑፉ ግን ይህን አያሳይም። አንዱ ልጅ ፊደሉን ባለመለየቱ፣ ሌላው ፊደሉን እያወቀ ማጥበቅና ማላላቱን ባለመገመቱ ይቆማል፤ ለሁለቱ የሚሰጠው እገዛ ይለያያል። በሒሳብም እንዲሁ ከውጤቱ ይልቅ አሠራሩን ይመልከቱ።

የስም መጥሪያውንም ያገላብጡ። ጣና ላይ መረብ ማታ ተጥሎ ጠዋት ስለሚነሣ፣ አባቱን ሲያግዝ የሚያድር ልጅ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ቢያንቀላፋ የሚያስደንቅ አይደለም። ሰሌዳው አይታየኝም የሚለውንና ከኋላ ሲጠሩት የማይሰማውን ልጅ ከሌላው ሁሉ በፊት ወደ ጤና ተቋም ይላኩት።

2. አንደኛውን እርከን ማስተካከል

በተለምዶ ከተማሪዎቹ 80 በመቶ ያህሉ በአንደኛው እርከን፣ 15 በመቶ ያህሉ በሁለተኛው፣ 5 በመቶ ያህሉ በሦስተኛው ይደገፋሉ ተብሎ ይታሰባል። በ60 ተማሪ ክፍል ይህ 48፣ 9 እና 3 ማለት ነው። ከ60ው 35ቱ ማንበብ ካልቻሉ ግን ጉድለቱ በማስተማሩ ላይ ነው፤ 35 ልጅ በትንሽ ቡድን መደገፍም አይቻልም። በየቀኑ 15 ደቂቃ ወስደው ለክፍሉ በሙሉ ፊደልን በቃላት ውስጥ ያስተምሩ፤ የደከመውን ከጎበዙ ጋር አጣምረው ያስነብቡ።

ለጠባይም ከሦስት ያልበለጡ ደንቦች ያውጡ፤ ደንቦቹን ግድግዳ ላይ መለጠፍ አይበቃምና በተግባር ያለማምዷቸው። ዱላ ከዚህ ውስጥ ቦታ የለውም፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ይጠብቃል።

3. ሁለተኛው እርከን

ብዙ ጊዜ ቅዳሜ የሚሰጠው የማጠናከሪያ ትምህርት፣ ልጁ በሳምንቱ ያልገባውን ያንኑ ትምህርት ለ50 ልጅ ይደግመዋል፤ ይህ ያሳዝነኛል፣ የመምህሩም የልጁም ድካም በከንቱ ይቀራልና። ሁለተኛው እርከን ከ4 እስከ 6 ተማሪዎችን ብቻ ይይዛል፤ የሚመረጡትም ጉድለታቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ እንጂ በደረጃ መጨረሻ ስለወጡ አይደለም። በሳምንት 3 ቀን፣ በየጊዜው 30 ደቂቃ፣ ለ8 ሳምንት ይስጡት። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚሠራ ከሆነ ተቃራኒው ፈረቃ ይመቻል፤ ሆኖም በዚያ ሰዓት ልጁ ሥራ ሊኖረው ስለሚችል ከወላጅ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።

ጠባዩ ለሚያስቸግር ተማሪ የቀን ካርድ ያዘጋጁ። ጠዋት አንድ የሚያምነው መምህር ይቀበለዋል፣ በየክፍለ ጊዜው በሦስት ነገሮች ከ0 እስከ 2 ነጥብ ይሰጠዋል፣ ሲወጣም ያው መምህር አብሮት ይደምራል። በ6 ክፍለ ጊዜ ሙሉ ነጥቡ 36 ሲሆን ግቡ 80 በመቶው፣ ማለትም 29 ያህል ነው። ካርዱ ወደ ቤት ከመላኩ በፊት ወላጆች ልጁን እንዳይቀጡበት፣ ባገኘው ነጥብ እንዲያበረታቱት ያስረዷቸው። ወላጅ ማንበብ የማይችል ከሆነ በቁጥር ፈንታ በቀለም ያመልክቱ።

ካርዱ ካልሠራ ለአንድ ሳምንት ሦስት ነገር ይመዝግቡ፦ ከረብሻው በፊት ምን ነበር፣ ልጁ ምን አደረገ፣ ከዚያ በኋላ ምን አገኘ። በመግቢያዬ ያነሣሁት ልጅ መዝገብ በአምስቱም ቀን አንድ ዓይነት ነበር፦ «ተነሥተህ አንብብ» ተባለ፣ ዴስክ ደበደበ፣ ወጣ። ስለዚህ መባረሩ ለእሱ ዕረፍት እንጂ ቅጣት አልነበረም።

4. በየሳምንቱ መለካትና መወሰን

በ1 ደቂቃው ንባብ በ20 ቃላት የጀመረ ልጅ በ8 ሳምንት 36 እንዲደርስ ከታሰበ በሳምንት 2 ቃል መጨመር አለበት። ይህን በመስመር ሥለው የየሳምንቱን ውጤት በነጥብ ያስቀምጡ። አራት ተከታታይ ነጥቦች ከመስመሩ በታች ከዋሉ እስከ 8ኛው ሳምንት አይጠብቁ፤ አሠራሩን ይቀይሩ።

5. ሦስተኛው እርከን

እዚህ ድጋፉ በየቀኑ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ልጅ ይሰጣል፤ ወላጅ፣ ርዕሰ መምህርና የልዩ ፍላጎት መምህር ካለም እሱ አብረው ያቅዳሉ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት ትምህርቱ የተቋረጠበትንና ወደ ከተማው ተፈናቅሎ የመጣውን ልጅ ግን ቸኩለው የመማር ችግር አለበት አይበሉ፤ ያመለጠውን ትምህርት መጀመሪያ ያስተምሩት።

6. ለቀጣዩ መምህር ማስተላለፍ

ሰኔ ላይ ለእያንዳንዱ የተደገፈ ልጅ አንድ ገጽ ይጻፉና ለመጪው ዓመት ስም ጠሪ መምህር በእጅ ያስረክቡ። በዚያ ልጅ ገጽ ላይ የጻፍነው ይህ ነበር፦ «ሳድስን ለይቷል። ማጥበቅና ማላላት ገና ይቀረዋል። በክፍል ፊት ከማንበቡ በፊት ምንባቡ በዋዜማው ይሰጠው።»