ዌስት ፖይንት ወይስ ዩኒቨርሲቲ? የአሜሪካ ጦር መኮንን መሆን ለሚፈልግ ልጅ

ብዙ ወላጆቻችን መኮንን ሲባል የሚታያቸው እንደ ሐረር ጦር አካዳሚ ያለ ግቢ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን 12ኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ በሁለት በር ይገባል፦ የጦሩ የራሱ አካዳሚ በሆነው በዌስት ፖይንት ወይም በሲቪል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከትምህርት ጎን ለጎን በሚሰጠው የመኮንንነት ሥልጠና፣ በአርኦቲሲ (ROTC)። ከሁለቱም የሚወጣው በምክትል መቶ አለቃነት ነው።

ከሁሉ በፊት ወረቀቱን አስተካክሉ። ለዌስት ፖይንትም ለአርኦቲሲ ስኮላርሺፕም ዜግነት ግድ ነው። ወላጅ ዜግነት ሲወስድ ከ18 ዓመት በታች የነበረ፣ ግሪን ካርድ ያለውና ከወላጁ ጋር እዚሁ የሚኖር ልጅ በሕግ ዜጋ ነው። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው፤ ፓስፖርት ሳይወጣለት 11ኛ ክፍል ይደርሳል። የስም ነገርም አለ፦ ትምህርት ቤት በአባቱ፣ ፓስፖርቱ ላይ በአያቱ ስም ከተመዘገበ ፋይሉ ይጓተታል።

ዌስት ፖይንት ትምህርቱ፣ ምግቡና መኝታው በነፃ ነው፤ ለተማሪው ወርሃዊ ደመወዝም ይከፈለዋል፣ የዩኒፎርምና የመጽሐፍ ወጪ ይቆረጥበታል እንጂ። በምላሹ 5 ዓመት በመደበኛው ጦር፣ 3 ዓመት በተጠባባቂነት ማገልገል አለ። ያገባ ወይም ልጅ ያለው አይገባም። ልጆቻችን በብዛት የሚቀሩት ግን በውጤት ማነስ ሳይሆን በዕጩነት ድጋፍ ማጣት ነው። የአካዳሚውን ማመልከቻ መሙላት ብቻውን አይበቃም፤ ከሁለቱ ሴናተሮችና ከወረዳው የምክር ቤት አባል ለየብቻ ዕጩነት መጠየቅ ያስፈልጋል። ቢሮዎቹ የየራሳቸው ቀነ ገደብ ስላላቸው በ11ኛ ክፍል ጸደይ ደውላችሁ ጠይቁ። ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) ወይም አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) የሚኖር ሦስት ቢሮ አለው። ዲሲ የሚኖር ግን ሴናተር ስለሌለው ለዲሲ ተወካይና ለምክትል ፕሬዚዳንቱ ያመልክት።

የአካል ብቃት ፈተናው ስድስት ነገር አለው። ሯጭ የሆነ ልጅ አንድ ማይሉን ይወጣዋል፤ የሚከብደው በሁለት ጉልበቱ ተንበርክኮ የቅርጫት ኳስ በአንድ እጁ ከራሱ በላይ አሻግሮ መወርወር ነው። እግር ስለማያግዝ ኃይሉ ከወገብና ከትከሻ ነው የሚመጣው። ወራት ቀደም ብሎ ይለማመደው።

አርኦቲሲ የዕጩነት ድጋፍ አይጠይቅም። ሃዋርድ፣ ጆርጅ ሜሰንና ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራሙ አላቸው። ስኮላርሺፑ የትምህርት ክፍያውን ወይም የመኝታና የምግቡን ይከፍላል፤ ሁለቱንም አይደለም። በዚህ ተሳስተው ነሐሴ ላይ የዶርም ሂሳብ የሚደርሳቸው ቤተሰቦች አሉ። በተጨማሪ ለመጽሐፍ በዓመት 1,200፣ በትምህርት ወራት ደግሞ በወር 420 ዶላር ይሰጣል። ዩኒቨርሲቲው መግቢያውን ለብቻ መስጠት አለበት፤ ስኮላርሺፕ ማግኘት መግባት አይደለም። ግዴታው በጠቅላላ 8 ዓመት ሲሆን፣ ለስኮላርሺፕ ተቀባይ መደበኛው አገልግሎት አብዛኛውን ጊዜ 4 ዓመት ነው።

ልጁ ወታደርነትን ከልቡ ከፈለገና የቤቱ አቅም አነስተኛ ከሆነ ዌስት ፖይንትን እናስቀድማለን። ገና የሚያመነታ ከሆነ አርኦቲሲ ይሻለዋል፤ ያለ ስኮላርሺፕ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ኮርሶች ያለ ግዴታ ወስዶ ራሱን መፈተሽ ይችላል። ስኮላርሺፕ የያዘ ሁለተኛ ዓመቱን ሲጀምር፣ ዌስት ፖይንት ያለ ደግሞ ሦስተኛውን ሲጀምር ግዴታ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ትቶ መውጣት ማገልገልን ወይም ገንዘቡን መመለስን ያስከትላል።

ሁለቱንም በአንድ ዓመት ማመልከት ይቻላል፤ የሕክምና ምርመራውም አንድ ነው። ከ13 ዓመቱ በኋላ አስም ከነበረበት መጀመሪያ ውድቅ ቢደረግም ልዩ ፈቃድ ይጠየቅለታል። ስለዚህ የሐኪሙን መዝገብ አስቀድማችሁ አውጡ፤ ቅጹ ላይም ምንም አትደብቁ።